ዳሲቱ ያሳተመችውን

ባሌ ሀብተሚካኤል ቃሊቲ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል። ሌላ ክፉ አመል የለበትም፤ ቅናተኛ ነው። ዘንድሮ ለዶክትሬት መግቢያ ፈተና ብሎ አልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ሲያነብ ከረመ። እኩልታና ቅርጽ የሚጋቡበት ትምህርት ነው ይላል። ችግሩ፣ የሚቀበሉት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አብራው የምታስተምረው ዳሲቱም ለዚያችው ቦታ አመልክታለች።

ከዚያ ወዲህ ምሳችን ዳሲቱ፣ እራታችን ዳሲቱ ሆነ። "ምን እያነበበች ይሆን?" እያለ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይተክላል። እኔ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ስፌት ላይ ውዬ ስገባ "ደከመሽ?" ያለኝን ቀን አላስታውስም።

ሳሪስ የሀይረዲን ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። መምህራኑ ሁሉ መጽሐፍ ከፋይል አሳትመው የሚያስጠርዙት እዚያ ነው፤ ሀይረዲንም የሁሉንም ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። ባሌ ሄዶ "ዳሲቱ ያሳተመችውን ለእኔም" አለው። ርዕሱን እንኳ አልጠየቀም። ጡብ የሚያክል ጥራዝ ታቅፎ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ቤታችን ገባ። በተማሪነቱ ያነበባትን፣ ምሳሌና መልመጃ የሞላባትን ቀጭን መጽሐፍ ግን ለቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ አጭር እግር መደገፊያ አደረጋት። ወር አለፈ፤ ከጡቡ መግቢያውን አልጨረሰም።

አንድ ቅዳሜ ዳሲቱ ራሷ መጣች። ቆንጆ ናት፤ ይህን አልነገረኝም ነበር።

"ጋሽ ሀብቴ፣ ያ ትልቁ ጥራዝ አሸነፈኝ" አለችው። "ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው ያሳተምኩት፤ አንድ ምሳሌ እንኳ የለውም። ያቺ ቅርጹን በእጅ የምታስስለው የድሮ መጽሐፍህ አለች?"

የባሌ ፊት ሲፈካ አየሁ። እምቢ በላት ብዬ በዓይኔ ጠቀስኩት። እሱ ተንበርክኮ መጽሐፏን ከጠረጴዛው እግር ስር መዘዛት፤ ቴሌቪዥኑ ዘመመ።

"አብረን እንሥራት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚሁ" አላት።

ስትሄድ "ቦታው አንድ ነው ስትል አልነበር?" አልኩት።

"ለአንዳችን ይሆናላ። ለየብቻማ ሁለታችንም መውደቃችን ነው።"

እሱን ቅናቱ ለቀቀው። አሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወረቀት ላይ ጠማማ መስመር ይስላሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከዚያ እኔ በማይገባኝ ነገር ይሳሳቃሉ። ሻይ ሳቀርብ "እዚያ ጋ አድርጊው" ይለኛል፣ ቀና ሳይል። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጌ አስቀምጣለሁ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ሳሪስ ድረስ ሄድኩ።

"ዳሲቱ ያሳተመችውን ለእኔም" አልኩት ሀይረዲንን።

"የቱን፣ እትዬ? ትልቁን?"

"ሁሉንም!" አልኩት።