አባቴን ከደሴቲቱ ያወጣንበት ቀን

ዛሬም በወደቡ በኩል ሳልፍ የጋለ ብረትና የጨው ሽታ ተቀላቅሎ ከመጣብኝ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ልጅ ሳለሁ አባቴን በዚያ ሽታ ነበር የማውቀው።

ከጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ባሕሩን በድንጋይ ሞልተው በሠሩት ጠባብ ድልድል ከየብሱ ጋር የተያያዘች ትንሽ ደሴት ነበረች፤ በድልድሉ ላይ አንድ ኩባንያ ጨው የሚያመላልስ ባቡር ነበረው። ኩባንያ ለማለት እንኳ ይከብዳል፣ ያለው አንድ ሞተርና ጥቂት ፉርጎ ብቻ ነበር። ግራና ቀኙ ባሕር ስለሆነ፣ ባቡር ቢመጣ ገለል የሚሉበት ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ከመሻገራቸው በፊት ተንበርክከው ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ብረቱ ካጉረመረመ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን የአባቴ የሥራ ጓደኛ ቸኩሎ ሳያዳምጥ ገባ፤ አስከሬኑን ከባሕር ያወጣው አባቴ ነው።

በኋላ ካሚዮን ባቡሩን ተካው፤ ኩባንያው ተዘጋ፣ ሞተሩም ተቆራርጦ ተሸጠ። አባቴ ግን ባዶውን መጋዘን እጠብቃለሁ ብሎ ደሴቲቱ ላይ ቀረ። ቀዝቀዝ በሚልበት ወራት፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔና እናቴ ምግብ ይዘንለት እንሄድ ነበር። ድልድሉ አፍ ላይ ይቀበለንና ተንበርክኮ ያዳምጣል፤ «ቆዩ፣ እየመጣ ነው» ይለናል። ባዶውን ሐዲድ እያየን እንቆማለን። ቆይቶ «አለፈ» ሲል እንሻገራለን። እኔ ጨዋታ መስሎኝ እስቅ ነበር፣ እናቴ ግን አትስቅም።

ሙቀቱ መጥቶ ኸምሲን የሚባለው ነፋስ ሲነሳ አባቴ ከስቶ አጥንቱ ቀረ። እናቴ እዚያው ሊሞትብን ነው ብላ ሰጋች፤ አንድ ቀን ከተማው በሙሉ በሚያንቀላፋበት ቀትር፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ያለውን ሱቋን ዘግታ እኔን አስከትላ ወደ ድልድሉ ሄደች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ዕቃህን ጠቅልለን ነው የምንመለሰው!»

«እኔ ከሄድኩ ሰውን ማን ያስቆማል?»

«ከምን? ባቡሩን ቆራርጠው ሲጭኑት በዓይኔ አይቼ የለም እንዴ!»

«እሺ አስካለ፣ እስቲ አንቺው ስሚው።»

እናቴ ነገሩን ልትገላገለው ብላ ሻሿን በጋለው ብረት ላይ አነጠፈችና ጆሮዋን አሳረፈች። ነፋሱ ቆሞ ነበር። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ቀና ሳትል እጇን ዘርግታ ቀሚሴን ጨምድዳ ወደ ኋላ ሳበችኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይረዝማል?» አለችው በሹክሹክታ።

«ከዓመት ዓመት እየረዘመ ነው የሚሄደው።»

ያን ቀን «አለፈ» ያለችው እሷ ናት። አባቴ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ፣ «ሰማሽው! እኔ እኮ አበድኩ ብዬ ነበር» አለ፤ ከዚያ ያለ ምንም ክርክር ፍራሹን ጠቅልሎ ተከተለን። ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኝቶ አደረ። ሰንበትበት ሲል ሥጋው ተመለሰ፣ እዚያው ከተማ አምቡሊ ሰፈር ሥራ ያዘ፣ ሳቁም መጣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ቀዝቃዛው ወራት ሲመለስ ነው እናቴን ያስተዋልኳት። ስኳር እየመዘነች ድንገት እጇ አየር ላይ ይቀራል። ደንበኛው «እትዬ አስካለ፣ ኧረ ስኳሩን!» ሲላት፣ «ቆይ፣ ይለፍ» ትለው ነበር።

አባቴ አርጅቶ በሰላም ዐረፈ። ድልድሉ ሰፍቶ አስፋልት ለብሷል፣ ኮንቴይነር የጫኑ ካሚዮኖች ይርመሰመሱበታል፣ ደሴት መሆኗንም የሚያስታውስ የለም። እናቴ አሁን እኔ ጋ ናት። አንዳንዴ ጠዋት ከበራችን ደፍ ላይ ክንዴን ይዛ ታስቆመኛለች፤ ከሥራ እየረፈደብኝም ቢሆን እቆማለሁ። አባቴን ልናመጣው ስንነሳ የት እንዳለ እናውቅ ነበር፤ እሷ ግን አጠገቤ ቆማ ሳለች ከየት እንደማወጣት አላውቅም።