ሾዴ ያልተሳደበችበት በጋ

የቶለሳ ባጫ ቀኝ እግር ከግራው ይልቅ የነጣ ነበር። የውሃን ልክ የሚያውቀው ያንን እግር ቦይ ውስጥ ነክሮ ስለሆነ፣ ቆዳው ከብዙ ዘመን በኋላ የወንዝ ድንጋይ መስሏል። ከእንጦጦ ሥር ፈልቆ ጉለሌን አቋርጦ የሚወርደውን ምንጭ ለጎመኑም ለድንቹም ለጌሾውም በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። የሰፈሩ ሰው የውሃ አባት ብሎ ሾሞታል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ያለው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ የውሃ አባት ማሳ ከሁሉም በኋላ ይጠጣል።

በጋ በገባ ቁጥር ተራው የዘገየበት ሁሉ የሚጮኸው በእሱ ላይ ነው። ከሁሉም ሾዴ ትብሳለች። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማይደክም ጎረቤቱ ናት።

"የውሃ አባት! የእንጀራ አባት ነህ እንጂ!" ትለዋለች አጥሯን ተደግፋ።

"ጎመንሽማ ስድብሽን እየጠጣ ወፍሯል፤ ውሃ ምን ያደርግለታል?" ይላታል።

ሰው ይስቃል። ውሃውም ተራውን ጠብቆ ይደርሳታል።

ጣሊያን በገባ በአራተኛው ዓመት፣ ከከተማው በታች አቃቂ ወንዝ ላይ ካለው ግድብ የተነሣ ሽቦ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተወጥሮ እንጦጦ ግርጌ እስካለው የጦር ሰፈር ድረስ መጣ። ነገሩን ሲያስረዱት ቶለሳ አፉን ይዞ ቀረ። ከደጁ ሥር የሚወርደው ውሃ ከሌሎች ጅረቶች ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ እዚያ ታች መንኰራኩር ያዞራል፤ ከዚያ ብርሃን ሆኖ በሽቦ ወደ ላይ ይመለሳል።

"ውሃ ዳገት ወጣ በሉኛ!" አለ።

ሽቦው በጎጆው ክዳን ላይ ያልፋል። ማታ ማታ የጦር ሰፈሩ እንደ ሠርግ ቤት ሲበራ የቶለሳ ቤት በኩራዝ ነበር።

በዚያው ዓመት ልጁን መዝገቡን ከመንገድ አፍሰው ለግድቡ ድንጋይ ሥራ ወሰዱት። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የመብራቱ ሹም፣ አንድ ጣሊያን፣ ይገዙ የሚባል አስተርጓሚ አስከትሎ ምንጩ ድረስ መጣ።

"ግድቡ እየጎደለ ነው" አለ ይገዙ። "ከላይ ያላችሁ ቦያችሁን ሁሉ ዝጉ ብሏል።"

"አትክልቱስ?"

"ስለ አትክልት ያለው ነገር የለም።" ይገዙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባቴ፣ ልጅዎ እዚያ መኖሩን ያውቃል። ውሃው ሳይጓደል እስከ ፋሲካ ከወረደ ይለቀቃል ይላል። ካልወረደ ግን... በቃ፣ እርስዎ ያውቃሉ።"

ቶለሳ ጎረቤቶቹን ምንጩ ራስ ላይ ሰበሰበ። "ውሃ አካፍለን ብላችሁ ነበር የሾማችሁኝ። ዛሬ ግን ስለ ልጄ ብላችሁ ተጠሙልኝ ልላችሁ ነው የጠራኋችሁ" አለ። ባልንጀራው ደበላ ተነሣና የራሱን ቦይ አፍ በሣር ጓል ደፈነ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ጥማት ግን ጥማት ነው። ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ጓሉን በተረከዙ ገፋ፤ ሌላው በምሳ ሰዓት ውሃውን ወደ ማሳው ጠለፈ። ቶለሳ እየዞረ ይደፍናል። ሾዴም ከአጥሯ ላይ፦ "ልጅህ ልጄ ነው፤ እሺ! ድንቼስ የማን ልጅ ነው?" ትላለች። ቶለሳ ስድቡን እንደ ምርቃት ይቀበላል። ፋሲካ ሲደርስ፣ መዝገቡ በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ሲል፣ እሷው ራሷ እልል እንደምትል ያውቃል።

ጥምቀት አለፈ። ሴት ልጁ አበራሽ እናቷ በሕይወት ስለሌለች ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት መጥታ ነበር፤ ሴት ልጅ ተገላገለች። ገንፎውን የምታገነፋላት ሾዴ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ግን ሰፈሩ ጸጥ አለ። የሚጠልፍም የሚሳደብም ጠፋ። ቶለሳ መጀመሪያ ለአራሷ ብለው ነው አለ። የደበላ ጌሾ ቅጠሉን አራገፈ። የሾዴ ድንች ከነሥሩ ደረቀ። አንድም ሰው አልጮኸም።

አንድ ጠዋት ሾዴን በተሰነጠቀው የድንች መደቧ ላይ ቆማ አገኛት።

"ምነው ሾዴ፣ የእንጀራ አባትነቴ ቀረ?" አላት እየሳቀ።

ሾዴ ቀና ብላ አየችው። "ይሂድ ውሃው። ምን ቸገረኝ፣ ቶሌዬ" አለችና ቶሎ ወደ ቤቷ ገባች።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሾዴ በዕድሜዋ ቶሌዬ ብላው አታውቅም። ቦዩን ተከትሎ ወረደ። የሁሉም ጓል እንደተደፈነ ነው፤ አንድ የተረከዝ ምልክት እንኳ የለበትም። እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። ለሚመለስ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ይሰርቁ ነበር፤ ይረግሙት ነበር። ሰው እንዲህ ዝም ብሎ የሚጠማው ለማን ነው? በቀጥታ ወደ ደበላ ሄደ።

"መቼ ነው?" አለው።

"ምኑ?"

"ደበላ!"

ደበላ መሬት መሬቱን አየ። "የጥምቀት ዋዜማ። ድንጋይ ተናደበት አሉ። አቃቂ ገበያ ነው የነገሩኝ፤ እዚያው ቀብረውታል።"

"ታዲያ ውሃውን ለምን አልከፈታችሁም? እርሻችሁ አለቀ እኮ!"

"ብንከፍተውማ ወዲያው ታውቅብን ነበር። አራስ ካለችበት ቤት መርዶ ይዘን እንዴት እንግባ? ክርስትናው እስኪደርስ እንዲሁ እንቆይ ተባባልን።"

ቶለሳ ዙሪያውን አየ። ከምንጩ እስከ ታች ያለው ማሳ ሁሉ ነድዷል። በአንዲት መርዶ ፈንታ ሰፈሩ በሙሉ የዓመት ቀለቡን አድርቋል። ተንበረከከና የደበላን ጓል በእጁ ነቀለ።

"ሹሙ ቢመጣስ?" አለ ደበላ።

"ቶለሳ ከፈተው በሉት። ከእንግዲህ ምን ይይዝብኛል?"

ጓሉን አንድ በአንድ እየነቀለ ወረደ። ውሃው ሞቶ የነበረውን መደብ እየሞላ ተከተለው። ሾዴ የውሃውን ድምፅ ሰምታ ወጣች፤ መርዶውን ማወቁ ገብቷት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበስ ጀምራ ነበር።

"ተይ" አላት። "አስተካክለሽ ልበሽው። ልጄ እንዳታይሽ።"

"ቶሌ..."

"እስከ ክርስትናው ነው። እኔም ያላወቅሁ እሆናለሁ። እናንተ ችላችሁት የለ?"

ሾዴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ቶለሳ ከቦዩ ውሃ ጨልፎ ፊቱን ደጋግሞ ታጠበ፤ በጋቢው ጫፍ አደረቀ፤ ዓይኑ መቅላት አለመቅላቱን ተከትሎት የወረደውን ደበላን ጠየቀው። ደበላ አልቀላም ብሎ ዋሸው። ከዚያ ዳገቱን ያዘ። ወደ ቤቱ ሲቃረብ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አበራሽ እንድትሰማው፣ ማንጎራጎር ጀመረ። ሾዴና ደበላ ከታች ሆነው ድምፁ ባሕር ዛፉ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ቆመው አዩት።