ጫጩት የታቀፈው ክዳን

ታናሽ ወንድሜ የሸክላ ማጫወቻዬን ክዳን ወስዶ የጫጩት ቤት አደረገው። በደሉ ይኸው ነው። የሰማ ሁሉ ይስቃል። ክዳኑ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ቆቦን የማያውቅ ሰው “ለአንድ የፕላስቲክ ክዳን ይህን ያህል?” ይል ይሆናል። የኛ ሜዳ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ራቁቱን ይቀራል። ነፋሱ ከዞብል ተራራ በኩል ይነሳና አፈሩን ቤት ለቤት ያድላል። እኛ አገር ለሁሉም እኩል የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው፤ ሀብታም ድሃ፣ እስላም ክርስቲያን አይልም። ቤታችን ደግሞ መኪና መንገዱ ዳር ነው። ወደ አላማጣ የሚሄደውም ወደ ወልድያ የሚመለሰውም የጭነት መኪና የድርሻውን ሳይጥልልን አያልፍም። በዚህ አገር ክዳን የሌለው ሸክላ ማጫወቻ ሽፋሽፍት የሌለው ዓይን ነው።

ማጫወቻው የአባቴ ነበር። አባቴ ሻይ ቤት ነበረው። ሸክላውን ያስቀምጥና ጥርት ያለውን ክዳን ይከድንበታል፤ ደንበኛው ሻዩን እየጠጣ ሸክላው ሲዞር በክዳኑ ውስጥ ያያል። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ግን አባቴ ካለበት ተስፈንጥሮ ይመጣና መርፌውን ያነሳል። “መርፌ የሚበላሸው መጨረሻ ላይ ነው፤ ባዶውን ሲጭር” ይል ነበር። ያስተማረው የለም፣ ራሱ የደነገገው ነው። ስለዚህ በኛ ሻይ ቤት አንድም ዘፈን አልቆ አያውቅም።

እናቴ ጓዳ ሆና የምትወደው አንድ ሸክላ ነበር። ልጅቱ ወንዝ ማዶ ቆማለች። “ና ተሻገር” ትለዋለች። ዘፋኙ ልሻገር፣ አልሻገር እያለ ያንጎራጉራል። ተሻገረ? አልተሻገረም? እናቴ አታውቅም፤ እዚያ ላይ ሲደርስ አባቴ መርፌውን ያነሳዋል። በራዲዮ የሰማችው እንደሆነም ዜና አንባቢው ይገባበታል። “ኧረ ሰውዬው ምን ሆነ?” ብላ አባቴን ብትጠይቀው “ምን ይሆናል፣ ዘፈን ነው” ይላታል። ሴትዮዋ እንዲህ እንዳለች አረጀች።

እኔ ትልቁ ልጅ ነኝ። ውሃ የሚቀዳና ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው ስለተፈለገ እኔ ሻይ ቤት ቀረሁ፣ ታናሼ ተማሪ ቤት ገባ። እሱ አስተማሪ ሆኖ ሮቢት ተመደበ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። እስከዚያ ድረስ ሸክላዎቹን የምለያቸው መሀላቸው ላይ ባለው ወረቀት ቀለምና በሻይ እድፋቸው ነበር። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ወረቀቱን ሁሉ አነበብኩት። ከእድፉ የበለጠ የነገረኝ ነገር የለም።

አባቴ ሲሞት ንብረት ለማካፈል ሽማግሌዎች መጡ፤ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ሼኽ። እናቴ “ለኔ ሸክላዬን ብቻ” አለች። የቀረውን ዕቃ ሁለት ቦታ ከመሩት። እኔ ከማሽላ አገዳ ቅንጣቢ፣ ወንድሜ ጠጠር ሰጠን፤ ከገበያ የምትመለስ የማናውቃት ሴት ተጠርታ አንዱን በአንዱ ክምር፣ ሌላውን በሌላው ላይ ትጥላለች። ዕጣ እንዲህ ነው። አንዴ ከወደቀ ወዲያ ንጉሥም አያነሳውም።

በዚያ ቀን ጠዋት ክዳኑን ከማጠፊያው ነቅዬ አጥቤው ነበር። እናቴ ለሽማግሌዎቹ ዳቦ ስታቀርብ ዝንብ አስቸገራት፤ ክዳኑን አነሳችና ዳቦው ላይ ደፋችው። ዳቦው ተበላ። ክምሩ ሲከመር ቄሱ ክዳኑን ከትሪውና ከሻይ ብርጭቆው ጋር አስቀመጡት።

“አባ፣ እሱ የማጫወቻው ነው” አልኩ።

“የዳቦ መክደኛ ነው እንጂ! አሁን ከሥሩ አንስቼ በላሁ አይደል?”

“ወላሂ እኔም በልቻለሁ” አሉ ሼኹ።

ሁለት ሃይማኖት አንድ ላይ ከመሰከረ ወዴት ይኬዳል? ወንድሜን አየሁት። ያውቃል፤ በዚያ ክዳን ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ነው ያደገው። ጣሪያውን ይመለከታል። ዕጣው ወጣ። ማጫወቻው ከነአግዳሚው ወንበር ለኔ ደረሰኝ፤ ብርጭቆው፣ ትሪውና “የዳቦ መክደኛው” ለመምህሩ።

ቆይቶ ወንድሜ ከግብርና ቢሮ የፈረንጅ ጫጩት ወሰደ። ጫጩት ብርሃን ይወዳል ብሎ ክዳኑን ግቢው ውስጥ ደፋባቸው። እንዳይታፈኑ በጋለ ሚስማር በሳሳው። ድመት እንዳይገለብጠው ደግሞ ድንጋይ ጫነበት። ይህን ሁሉ ሮቢት ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ጫጩቶቹ ከውስጥ ሆነው ያዩኛል።

“የኔ ክዳን ነው” አልኩት።

“ጋሼ፣ ዕጣዬ ነው። ዕጣ ልታፈርስ ነው?”

እናቴ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ሻይ ቤቱ ቀርቶ ማጫወቻው ቤት ገብቶ ነበርና አሁን መርፌውን የሚያነሳባት የለም፤ ሸክላዋን እስከ መጨረሻው መስማት ትችላለች። ትችል ነበር። ሸክላው መዞር ሲጀምር አፈሩ ይወርድበታል፤ ዘፋኙ ወንዙ ዳር ሳይደርስ መርፌው ይዘልና ከመጀመሪያው ይጀምራል። “ይኸው ተመለሰ” ትላለች እናቴ። “ሰውዬው ውሃ ይፈራል መሰለኝ።” አንድ ቀን ሳቋን ሳቀችና ቀስ ብላ “ሳልሰማው ልሞት ነው” አለች። ያን ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ፈረዱ። ፍርዱ ይህ ነው፦ ማጫወቻው የኔ፣ ክዳኑ የሱ፣ ሸክላው የእናታችን። እሑድ እሑድ ወንድሜ ክዳኑን ይዞ ይምጣ፣ ሸክላው ይሰማ፣ ክዳኑን ይዞ ይመለስ። አንድ ዘፈን፣ ሦስት ባለቤት! ሼኹ በፍርዳቸው ተደስተው ምርቃቱን አረዘሙት።

መምህሩ እሑድ እሑድ ከሮቢት በሚኒባስ ይመጣል፤ ክዳኑን እንደ ታቦት ታቅፎ። ረዳቱ “ጋሼ፣ ይሄን ነገር እላይ ላስቀምጠው?” ሲለው “አደራ ነው” ይለዋል። አደራ! ጥግ ጥጉ ላይ የጫጩት ኩስ ደርቆበታል።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ክዳኑን ማጠፊያው ላይ ገጠምነው፤ እናቴ ወንበሯን አስጠጋች።

“ክደነው” አለኝ ወንድሜ።

“ሲከደን ይታፈናል። ዘፋኙ ድስት ውስጥ የገባ ይመስላል። ተከፍቶ ይቁም፤ ሲያበቃ ይከደናል።”

“ጋሼ፣ ተከፍቶ የሚቆም ክዳን አይባልም። በር ነው የሚባል።”

“በር ከሆነማ ውጣበት።”

“እናንተ ልጆች” አለች እናቴ፣ “ሰውዬው ወንዝ ዳር ቆሟል።”

ከፍተን ሞከርነው፤ አፈሩ ገባና መርፌው ዘለለ። “ይኸው!” አለ መምህሩ። ከደንነው። ዘፋኙ ሄደ፣ ሄደ፣ ወንዙ ዳር ደረሰ። ልጅቱ “ና ተሻገር” አለችው። እዚያ ላይ ቆመ። ድንጋዩና የሮቢት ፀሐይ ተባብረው የክዳኑን መሀል እንደ አሮጌ አልጋ አጎድጉደውታል። የመርፌው ክንድ ወደ ሸክላው መሀል ሲገባ ከጉድጓዱ ጋር ይላተማል። “ና ተሻገር፣ ና ተሻገር፣ ና ተሻገር…”

“ይኸው!” አልኩ እኔ በተራዬ።

እናቴ ወንበሯን መለሰች።

ከዚያ በኋላ እሑዱ ሁሉ እንዲሁ ነው። እሱ ይከድናል፣ እኔ እከፍታለሁ። ከፍቶ መተው፣ ግማሽ መክደን፣ ማጠፊያው ላይ ቡሽ መወተፍ… እንዲህ እያልን እናቴ ጎበጠች፣ ጆሮዋም ከበዳት። ወንድሜ ደግሞ ይቸኩላል፤ ክዳኑ ቆቦ በዋለ ቁጥር ሮቢት ላይ ጭልፊት ይወርዳል። “ትናንት የነበሩት ዛሬ ሲቆጠሩ ይጎድላሉ” እያለ ያዝናል። ለናቱ ያላዘነውን።

በኋላ የወባ አጎበር ቤት ለቤት ታደለ። እኔም አሰብኩ፤ ትንኝ የማያስገባ አፈር ምን ያስገባል? ማጫወቻውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አጎበሩን ሰቀልኩበት። አፈሩ እንዲጣበቅ ውሃ አርከፈከፍኩበት። ይህን በጨረስኩ ማግሥት የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጣች። አልጋውን አየች፤ አጎበር የለም። ጠረጴዛውን አየች።

“አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?”

“አጎበር።”

“ለማን?”

“ለሱ።”

“እሱን ወባ ይነድፈዋል?”

“አንቺ ልጅ፣ እሱ ከታመመ የሚያክመው የለም። እኔ ብታመም አንቺ አለሽ።”

አልሳቀችም። “አጎበር የተሰጠው ለሰው ነው። ሰው ካልተኛበት ወስጄ ለሌላ እሰጠዋለሁ” ብላኝ ወጣች።

ሰው ካስፈለገ ሰው አለ። አጎበሩን ወደ እናቴ አልጋ መለስኩት፤ ማጫወቻውንም አልጋው ላይ፣ እግርጌዋ አኖርኩት። የመንግሥት ትእዛዝ ተከበረ።

እሑድ ሆነ። ወንድሜ ክዳኑን ታቅፎ ከሚኒባስ ወረደና ገባ። እናቴ አጎበሩ ውስጥ ቁጭ ብላለች፣ እኔ አጠገቧ፣ ማጫወቻው ፊታችን። አጎበሩ ውሃ ያንጠባጥባል።

“ምን እየሆነ ነው? ኤሌክትሪክና ውሃ! ልታልቁ ነው?”

“ግባ ወይ ውጣ” አለችው እናቴ፣ “አቧራ ታስገባለህ።”

ጫማውን አውልቆ ገባ። ክዳኑን የሚያኖርበት ቦታ ስላጣ እንደታቀፈ ተቀመጠ። ሁለት ሽበታም ወንድማማቾች ከእናታቸው ጋር አንድ አጎበር ውስጥ። መርፌውን አስቀመጥኩ። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ዘፋኙ መንገዱን ጀመረ፤ ሳይዘል ወንዙ ዳር ደረሰ። “ና ተሻገር” አለችው። እናቴ እጄን ያዘች። የሱንም ለመያዝ ብትሞክር ያገኘችው ክዳኑን ነው።

ዘፋኙ መለሰላት። ወንዙ ሞልቷል፣ አላት። ሲጎድል እመጣለሁ፣ አላት። ወደ ቤቱም ተመለሰ። አለቀ። መርፌው ባዶውን ይጭር ጀመር፤ ማናችንም አላነሳነውም።

“ይኸው ነው?” አለች እናቴ።

“ይኸው ነው፣ እማ።”

“ጥሏት ሄደ?”

“አዎ።”

“ወንድ!” አለች። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። “ጫጩቶቹ አሁን በምን ተከድነዋል?”

“በምንም” አላት። ድምፁ የልጅ ነበር።

“በል ተነሥ፣ ውሰድላቸው። ሁለተኛ እንዳታመጣው። አንተም፣ ትልቁ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቀው።”

“እማ፣ የኔ እኮ ነው!” አልኩ።

“ያንተ ነበር። አሁን የዶሮ ነው።”

ተፈረደብኝ። ለዚያ ሁሉ ዓመት ሙግት፣ የምትፈርደው እናቴ ሆና ተፈረደብኝ። ሽማግሌዎቹ ፍርዱ ከኛ እጅ ወጣ ብለው ተከፉና፣ ዕርቁ በወግ ይፈጸም አሉ። ወንድሜ ከክዳኑ ሥር ካደጉት ዶሮዎች ሁለቱን ከሮቢት አመጣ፤ አንዱን ክርስቲያን፣ አንዱን እስላም አረደው፣ ቄሱና ሼኹ ከየራሳቸው በሉ። ለአንድ ክዳን ሁለት ዶሮ። እኔም ክዳኔ ያሳደገውን እግር በላሁ፤ ጠንካራ ነበር። “ይቅር ተባባሉ” አሉን። ወንድሜ ጉልበቴን ሳመ። እኔም አፌ ሙሉ ስለነበረ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንደ እሺታ ቆጠሩት።

ነገሩ በዚህ ያለቀው እሑድ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም. ነው።