ከቡድን ያስቀረኋት ልጅ

የተወደዳችሁ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ወደዚህ ፊት መውጣት ከብዶኝ ሦስት እሁድ ሙሉ ከወንበሬ ተነሥቼ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ አልሄድም። ስሙ ይባረክ!

እኔ እዚሁ ሰቆጣ፣ በአንድ ኮሌጅ የኦንላይን ትምህርቱን የማስተባብር መምህር ነኝ። ተማሪዎቹ ከየወረዳው በስልካቸው ይማራሉ። የቡድን ሥራ ሲኖር ራሳቸው ገብተው ቡድን ይመርጣሉ፣ ይመዘገባሉ። ምዝገባውን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ። ወገኖቼ፣ ያቺ ትንሽ ሥልጣን ልቤን አሳብጣው ነበር! ባለቤቴ ጌታን ታውቃለች፤ ስትጸልይልኝ እንኳ «ለራስሽ ጸልዪ» እላት ነበር።

ምዝገባው በተዘጋ ማግስት ዝናሽ የምትባል ተማሪ ከዝቋላ ወረዳ መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«መምህር፣ ቀበሌያችን ኔትወርክ ጠፍቶ ሰነበተ። እባክዎ፣ ካንዱ ቡድን ያስገቡኝ» አለች።

ለእኔ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነበር። «ቀኑ አልፏል» አልኳት፤ ቀና ብዬም አላየኋት። ቡድን ከሌላት የቡድን ሥራው ውጤት አይኖራትም፣ ትምህርቱን ትወድቃለች። ይህን እያወቅሁ ነው! «እሺ መምህር» ብላ ወጣች።

በሳምንቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ያለፈውን ሴሚስተር ቡድኖች አጠፋለሁ ብዬ የዚህኛውን አጠፋሁት። ሁሉንም! ማን ከማን ጋር እንደተመደበ የሚያሳይ ግልባጭ አላስቀረሁም፤ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትንም ዝርዝር ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ሥራው የሚገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ተማሪው ከፃግብጂ እስከ ዝቋላ ተበትኗል፣ የግማሹ ስልክ አይሠራም። ራሴን ወጋኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ባልደረቦቼ ደግፈው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሐኪሙ ለካኝና፣ «መምህር፣ በዚህ ደም ግፊት ቆመው መሄድዎ ይገርማል። ኪኒኑን እኔ እሰጥዎታለሁ፤ ልብዎን ግን እርስዎ ያሳርፉት» አለኝ።

ባለቤቴ እጄን ይዛ፣ «እስኪ አንድ ጊዜ ማረኝ በለው» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ያ ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ! ያቺ ልጅ ፊቴ ድቅን አለች። አለቀስኩ። «ጌታ ሆይ፣ ለሰው የነፈግሁትን ነው የምለምንህ፤ ማረኝ» አልኩ። ሃሌ ሉያ! ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ።

በማግስቱ ቢሮ ስሄድ ዝናሽን በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከተማ አክስቷ ዘንድ ሰንብታ ኖሯል። ደብተር ይዛለች።

«መምህር፣ ዝርዝሩ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ። ያን ቀን ሰው የጎደለው ቡድን ባገኝ ብዬ ከግድግዳው ላይ ሁሉንም ገልብጬ ነበር» አለች።

«እንዲያ አድርጌ መልሼሽ፣ ለምን ታመጪልኛለሽ?»

«ውጭ መቅረት ምን እንደሆነ እኔ አይቼዋለሁ። እነሱ አይዩት።»

«በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ።

መጀመሪያ የእሷን ስም አስገባሁ። ከዚያ እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል። ጌታ ይመስገን! ለኮሌጁ ዲንም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ሥራው በቀኑ ገባ፤ ዝናሽም አለፈች።

ኪኒኔን ዛሬም እወስዳለሁ፣ አልዋሻችሁም። ሐኪሙ ግን ሲለካኝ ግፊቴ ወርዶ እያየ «ምን ተገኘ?» ይለኛል፤ «ምሕረት አገኘሁ» እለዋለሁ። አሁን ምዝገባ የምዘጋው ያልገቡትን በስልክም በሰውም አፈላልጌ ነው። ቤቴም ሰላም ገብቷል! ድሮ ልጆቼ የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ጓዳ ይሸሹ ነበር፤ ዛሬ እየሮጡ ይወጡልኛል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ «እኔስ አልለወጥም» የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን ጌታ እመኑት። እኔን ካላመናችሁኝ ደግሞ ልጆቼን ጠይቋቸው፤ እዚያ ከእናታቸው ጋር ተቀምጠዋል።