ባለሞተሩ እግረኛ

ሞተር ሳይክል ከገዛሁ ወዲህ በእግሬ የሄድኩትን ያህል ከዚያ በፊት በዕድሜዬ ሁሉ ሄጄ አላውቅም። ሰው ሞተር የሚገዛው ከእግር ጉዞ ሊገላገል ነው። እኔ ግን እግረኛነቱ ሳይቀርልኝ፣ ያን ሁሉ ኪሎ ብረት እየገፋሁ የምሄድ እግረኛ ሆኜ አረፍኩት።

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ትሠራለች። አንዲት ልጅ አለችን፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። እናቷን ነው የምትመስለው፤ ነገር አያመልጣትም ማለቴ ነው።

ሞተሯን የገዛኋት ከጎረቤታችን፣ ጡረታ ከወጡት የከብት ሐኪም ነው። ከልጄ ብቻ ሳይሆን ከትዳሬም በዕድሜ ትበልጣለች። ሰውዬው ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አታስጨንቃት እንጂ ታማኝ ናት» አሉኝ። እኔም አይ ፍቅር አልኩ በልቤ። የደስታ እንባ መሆኑ የገባኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

እየገፋሁ ግቢ ስገባ ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ሞተሯን ዞር ዞር እያለች አየቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሞተር ነዋ!»

«እሱማ ድሮ ነበር። አሁን ምን ሆኖ ነው?»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከኋላዬ ተቀምጣ አታውቅም። «ነይ ላድርስሽ» ስላት «በታክሲ ይሻለኛል» ትላለች። ፈሪ ናት ብዬ ደመደምኩ። ሴት ልጅና ሞተር እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር ትንታኔ ሰጥቻለሁ። ይሄን ንግግሬን አሁን ሳስታውሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ማለዳ ማስነሣቷ ራሱን የቻለ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። የነዳጁን ቧንቧ መክፈት፣ የአየር መዝጊያውን መሳብ፣ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጎ መርገጥ፣ ከዚያ በኃይል። አስተማሪ ስለሆንኩ ሳላስረዳ መሥራት አይሆንልኝም፤ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከግቢያችን ፊት ለፊት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ እኔ መርገጥ ስጀምር እሱ የስፌት መኪናውን መርገጥ ያቆማል። ከዚያ ይቆጥራል።

«አሥራ አራት! ጋሼ፣ ዛሬ ትናንትን አሻሽለዋል!»

ብትነሣም ታዲያ ሁልጊዜ አታደርሰኝም። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ መጨረሻው ዳገት ነው። ሞተሯ ደግሞ ዳገት ስታይ እንደ ሰነፍ ተማሪ የሚያማት ነገር አለ። ተማሪዎቼ በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ሲሄዱ እኔ መሀል ላይ በሙሉ ልብስና በከረባት፣ ላቤ እየተንጠባጠበ እገፋለሁ። «ግፋ በለው!» ይላል አንዱ ከኋላ፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል። አንድ ወር ሳይሞላ ስሜ ጠፍቶ መምህር ግፋ በለው ሆንኩ። ለወላጆች ስብሰባ የመጡ አንዲት እናት እንኳ በቅን ልቦና፣ ምንም ሳያስቡት፣ «አቶ ግፋ በለው እርስዎ ነዎት?» ብለውኛል። ነኝ አልኳቸው። ምን ልበል?

መካኒኬ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚናገሩት በግድ ነው። ሰፈሩ «ዝምታ» ይላቸዋል። ሞተሯን አስነሥተው እጃቸውን ታንኩ ላይ ያሳርፉና፣ ሐኪም የልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። አንድ ቀን እንዲህ ቆመው ከቆዩ በኋላ፣

«ምንም አልሆነችም» አሉኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ?»

ዓይናቸውን ገልጠው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ወደ ሌላ ሥራቸው ዞሩ። መልሱ ይሄው ነበር።

ተናደድኩ። በሒሳብ የተመረቀ ሰው አንድ ካርቡራተር ያቅተዋል? በማግስቱ እሑድ ስለነበር የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ካርቡራተሯን ፈታሁ፤ ክፍሎቹን በቅደም ተከተል ደረደርኩ፣ አጠብኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ስጨርስ ጋዜጣው ላይ አንዲት ሚጢጢ የናስ ቁራጭ ቀርታለች።

«አባዬ፣ ይሄስ?» አለች ልጄ።

«ቀሪ ያለው ማካፈል ነው» አልኳት።

ሰኞ ቁራጯን በኪሴ ይዤ ወደ ዝምታ ሄድኩ። በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

«ይቺን አውጥተህ ሞተሯ ሄደች?»

«ሄዳለች።»

«ወዴት?»

«ወደ ቁልቁለት» አልኩ፤ መዋሸት አልቻልኩም። የዚያን ዕለት ብቻ ነው ሲስቁ ያየኋቸው። ከሣቃቸው በኋላ ግን ጎንበስ ብለው ሞተሯ ጎን ላይ ያለች አንዲት ብሎን አሳዩኝና ረጅሙን ንግግራቸውን ተናገሩ። «የፈለግከውን ፍታ፤ ይቺን ግን እንዳትነካ። እሳቱ የሚነሣበትን ሰዓት የምትወስን ናት። ከተዛባች ትራገጣለች።»

አትንካ የተባለ ነገር ሲያሳክክ የሚያውቅ ያውቀዋል። አምስት ቀን ታገሥኩ። በስድስተኛው ካቻቢቴ አንሥቼ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አንድ ሩብ ዙር ብቻ አዞርኳት። በማግስቱ ጠዋት ፈተና ነበረኝና ቸኩያለሁ፤ ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላስር ግቢው መሀል ቆሜ በኃይል ረገጥኳት። መርገጫው ግን ወርዶ አልቀረም። እግሬ ገና ሳይነሣ ከበታች ተመልሶ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ። ቀው የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከየት እንደመጣ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም። መሬት ላይ ተዘርሬ ሰማዩን ሳይ፣ ልብስ ሰፊው ከማዶ፣

«አንድ!» አለ። ከዚያ ነው ደንግጦ የተነሣው።

ባለቤቴ ሮጣ መጥታ እግሬን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው።

«ተሰብሯል።»

«ራጅ ሳልነሣ እንዴት አወቅሽ?»

«ፊትህ ላይ አነበብኩት። ደግሞ አትጩህ፣ እኔ ጋ መንታ የሚወልዱ ሴቶች ካንተ ያነሰ ነው የሚጮሁት።»

እግሬ በጀሶ ታሸገ። ስድስት ሳምንት ቤት ዋል ተባልኩ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ዝናቡ በርትቶ የወንዙ ድልድይ አንዱ ምሰሶ ሰመጠ። ከእግረኛ፣ ከብስክሌትና ከሞተር በቀር ምንም እንዳያልፍበት ተዘጋ። ታክሲ ቀረ። ባለቤቴ ማለዳ ወጥታ አንድ ሰዓት ሙሉ በጭቃ መሄድ፣ ማታም ያንኑ ያህል መመለስ ሆነ ዕጣዋ። ሁለት ቀን እንዲህ ስትሄድ አየሁ። «ሞተሯን መንዳት ብትችዪ ኖሮ ጥሩ ነበር» አልኳት፤ ትራስ ላይ እግሬን ሰቅዬ፣ በሐዘኔታ። እሷ የጀሶዬን ጫፍ ጠረገች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሕመም ማስታገሻው አደንዝዞኝ ስተኛ ስነቃ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ረገጣ ብቻ፤ ከዚያ እንደ ንብ ቀፎ ወጥ የሆነ፣ ያማረ ድምፅ። የኔ ሞተር እንደዚያ ዘፍና አታውቅም።

«ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። በክራንች እየተንገዳገድኩ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ባለቤቴ ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ከኋላ አስራ፣ የኔን ሄልሜት አጥልቃ፣ ሞተሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ማርሹን አስገብታ በጠባቡ በር ግንቡን ሳትነካ ወጣች። እኔ በዚያ በር ስድስት ዓመት ስወጣ ሁለቱንም ወገን ልጬዋለሁ።

ልጄ ከኋላዬ ቆማ ዳቦ ታኝካለች።

«ማን… መቼ ነው የተማረችው?»

«እማዬ እኮ ድሮ ትነዳ ነበር፤ አታውቅም እንዴ? ሳታገባህ በፊት የክትባት ሞተር እየነዳች ገጠር ለገጠር ነበር የምትዞረው። ሁለት ዓመት።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ማታ ስትመለስ እስክትቀመጥ እንኳ አልታገሥኩም።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ሞተሯን ገዝቼ ስመጣስ?»

«ያን ቀንማ ስለ ሞተር ስታስረዳኝ አመሸህ። መሀል መግቢያ አጣሁ።» ጫማዋን እያወለቀች ሣቀች። «ትናንት ዝምታ ጋ ገፍቼ ወስጃት ያቺን ብሎን መለሱልኝ። ማን እንደነካት አልጠየቁኝም።»

«ከኋላዬ ተቀመጪ ስልሽስ?»

«መንዳት የማይችል ሰው ኋላ አልቀመጥማ!»

እግሬ ብቻ ሳይሆን ቅስሜም ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከሕመሙ የባሱ ነበሩ። በየማለዳው ሁለት ረገጣ፤ አንዳንዴ አንድ። ልብስ ሰፊው የሚቆጥረው አጥቶ ሥራው ተቃና። አንድ ጊዜ እንኳ አልተበላሸችባትም። ሞተሯ እኔን ስድስት ዓመት ስታስገፋኝ የኖረችው እያወቀች መሆኑን አመንኩ። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱ ላይ ተቀምጬ ካንዴላዋ እንዲቆሽሽ ተመኘሁ። ትልቅ ብልሽት አይደለም፤ ጥቂት የምታስገፋ፣ ሰው የሚያያት ያህል ብቻ።

ያን ዕለት ባለቤቴ ከልማዷ ዘግይታ መጣች። መጀመሪያ፣ በስተርጅና አፈር ልብላና፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ፈራሁ። ስትገባ ሸሚዟ ላይ ደም ነበር።

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም። ውሃ ስጡኝ።»

ልጄ ውሃ አቀረበችላት። ጠጥታ ስትጨርስ ነገረችን። እኩለ ቀን ላይ ምጥ የያዛት ሴት በታክሲ መጥታ የተዘጋው ድልድይ ጋ ቆመች። ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለችም፤ ልጁ እየመጣ ነው። ባሏ ድልድዩን በሩጫ ተሻግሮ ጤና ጣቢያው ደረሰ፤ መናገር አቅቶት በእጁ ብቻ ያሳያል። ባለቤቴ የማዋለጃ ዕቃዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሰውዬውን ከኋላዋ ጭና ሞተሯን አስነሣች።

«በአንድ ረገጣ» አለች፣ ወደኔ ሳታይ። «ስደርስ የሕፃኗ ራስ ወጥቷል፤ እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። ሰማያዊ ሆናለች። በእግሬ መጥቼ ቢሆን…»

አልጨረሰችውም። ብርጭቆውን ተቀበልኳት።

«አሁንስ?»

«ታለቅሳለች። ታክሲውን አደነቆረችው።»

እኔ ጠዋት ስለተመኘሁት ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ምኞቴ ሰምሮ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሳስብ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር ቆረቆረኝ። ተነሥቼ በክራንቼ ወደ ግቢ ወጣሁና ሞተሯን በጨርቅ ወለወልኳት፤ ይቅርታ መጠየቅ የምችለው እንደዚያ ብቻ ነበር።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሊጠይቁኝ የመጡ ባልደረቦቼ «ሞተርህ ነፍስ አዳነች አሉ!» ሲሉኝ ግን፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጠብቀው ከያዙት ዕቃ ያገለግላል» ብዬ መለስኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና አንድ ጊዜ እህ! ብላ ሳለች። ርዕስ ቀየርኩ።

ጀሶው ሲወልቅ ድልድዩም ተጠገነ። እኔ ሞተሬ ትመለስልኛለች ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ደግሞ ሞተሯ የማን እንደሆነች ጥያቄ መኖሩንም የሰማች አትመስልም። የመጀመሪያው ሰኞ ሄልሜቷን አጥልቃ አስነሣችና «ውጣ፣ ላድርስህ» አለችኝ። ወጣሁ። ቦርሳዋን ታቅፌ፣ ጉልበቴን ሰብስቤ፣ ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣነው። ሳንቆም! የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስንደርስ የተማሪዎቹ ጭብጨባ ቀለጠ። ለእኔ እንዳልሆነ ባውቅም እጄን አውለበለብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ አመንትቼ፣ «እስቲ አስተምሪኝ» አልኳት። ስቃ የምትጨርሰኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሣቀችም። ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የኳስ ሜዳ ወሰደችኝ። ሞተሯን አቁማ ከጎን ቆመችና እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

«ስትረግጣት አትቆጣት። የምትረግጣት እንደተበደለ ሰው ነው። እግርህን ጣልና ክብደትህን ተውላት፤ ጉልበት አይደለም።»

ጣልኩ። ተውኩላት። በአራተኛው ተነሣች።

«አሁን መዞሪያው ጋ ስትደርስ ጎማውን አትይ፤ መሄድ የምትፈልግበትን እይ።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። መዞሪያው ጋ ስደርስ ግን የጎል ቋሚውን አየሁትና፣ ወደሚታየው ነው የሚኬደው እንዳለችው፣ ቀጥ ብዬ ወደ እሱ ሄድኩ። ለጥቂት ስቼው ሣሩ ላይ በጎኔ ተንሸራተትኩ። አጥሩ ላይ የተቀመጡ ልጆች በደስታ አበዱ። ባለቤቴ ቀስ ብላ እየተራመደች መጣች፤ መጀመሪያ እግሬን አየች፣ ደህና ነው። ከዚያ ሞተሯን አቅንታ መሪውን አስያዘችኝ።

«እንደገና» አለችኝ።