የግራ እግሬ ድምፅ

መሮጥ የጀመርኩት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በክር ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነበርኩ፤ ለአውቶቡስ እንኳ ሮጬ አላውቅም። እሱ የመጨረሻዎቹን ዓመታት አልጋ ላይ አሳለፈ። በሽታው የነርቭ ነው አሉን። የማገላብጠው፣ የማጥበው፣ በማንኪያ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። ከቀበርነው በኋላ የቀረኝ ፍርሃት አንድ ብቻ ነበር፤ እንደ እሱ መተኛት። ሞትን እንኳ እንደዚያ አልፈራሁትም።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ ጀመርኩ። እያደር መሄዱ ሶምሶማ ሆነ። የጓሮ ክፍሌን ተከራይታ የምትኖር ወጣት አለች፤ ሰፈራችን ባለው ማረሚያ ቤት ውስጥ በሴቶቹ በኩል ጥበቃ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሮጥ ያደገች ስለሆነ ብቻዬን ስወጣ ማየት አልሆነላትም። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ብቻውን እንደሚበላ ሰው ነው ብላ አብራኝ መውጣት ጀመረች። አሯሯጡንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንዱ ከፊት ይሆናል፤ ጉድጓዱን፣ ጭቃውንና የጭነት መኪናውን አይቶ መንገድ ይመርጣል። ሌላው ከኋላ ሆኖ ተረከዙን እያየ እግሩ በተነሳበት ላይ ይረግጣል። ከፊት ያለው ወደ ኋላ አይዞርም። መዞር የደከመን ሰው ማሳፈር ነው።

ሁልጊዜ ከፊት የምትሆነው እሷ ነበረች። እኔ ዓመታት ሙሉ ያየሁት ተረከዟን ነው።

መጥፎ ቀን ለሯጭ ሁሉ አለ። ያለ ምክንያት እግር ድንጋይ የሚሆንበት፣ ትንፋሽ ደረት ላይ የሚቀርበት ጠዋት ይመጣል። በመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመኝ ቀኑን ሙሉ ፊቴ አይፈታም ነበር። አልጋው ይታየኛል። እሷ ግን፣ እግርም እንደ ሰው ያኮርፋል፣ ዝም ሲሉት ራሱ ይታረቃል አለችኝ። ደንብ አበጀን። መጥፎ ቀን ሲሆን መንገዳችን ላይ ካሉት መጋዘኖች አጥር እንመለሳለን፤ እግሬን ሞቅ ባለ ውኃና ጨው እነክራለሁ፤ ስለዚያ ቀን ማናችንም አንናገርም። መጥፎ ቀን ከተወራለት ይለምዳል ትላለች። ደንቡን ወደድኩት። ድሮም ብዙ ማውራት አልወድም። ደግሞም ሠርቶልኛል፤ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ እግሬ ይመለስ ነበር።

ዘንድሮ ስቅለት እንደ ልማዴ ስሰግድ ዋልኩ። ስግደት ጭን ይሰብራል፤ ለፋሲካ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ብዙ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግን ወጣን። ከአስፋልቱ ወርደን በመጋዘኖቹ ጀርባ ያለውን ኮረኮንች ያዝን። ከመነሳታችን እግሬ ከበደኝ።

“የበጉ ሥጋ ነው መሰለኝ፣ እማማ” አለች ሳትዞር።

“ዶሮውንም በጉንም የጨረስሽው አንቺ ነሽ” አልኳት።

ሳቀች። ትንሽ እንደሄድን ሳቋን አቆመች፤ ሩጫዋንም ቀዝቀዝ አደረገች። ለእኔ አዝና ነው ብዬ ተናደድኩ። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። እልህ ይዞኝ ቀረብኳት፤ እሷ ግን ይባሱን ቀነሰች፤ በመጨረሻ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት የመጋዘኖቹ አጥር ሥር ቆማ ዞረች። ዞራ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

“ልንገርዎት ወይስ ዝም ልበል?” አለችኝ።

“ተናገሪ።”

“ግራ እግርዎ ይጎተታል። መሬቱን ሲፍቅ ይሰማኛል። ቀኙ አይፍቅም።”

ስግደቱ ነው አልኳት።

“እኔም ሰግጃለሁ። ስግደት ሁለቱንም ነው የሚይዘው።” ወደ መሬት አየች። “ከጾሙ በፊትም ሰምቼዋለሁ፣ እማማ። መጥፎ ቀን ነው ብዬ ተውኩት። መጥፎ ቀን ደግሞ አይወራም ተባብለናል።”

በእግራችን ተመለስን። ኮረኮንቹ ላይ ስራመድ ጆሮዬን ለእግሬ ሰጠሁ። ስሮጥ ትንፋሼ ሸፍኖት የኖረውን ነገር ስራመድ ሰማሁት።

የባለቤቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። ነጠላ ጫማው የበረንዳውን ሲሚንቶ ሲፍቅ እሰማ ነበር። ሰፍቶት ነው ብዬ ጠበብ ያለ ገዛሁለት።

ልጅቷ ወደ ሥራዋ ከሄደች በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የሩጫ ጫማዬን ገለበጥኩት። የግራው ጫፍ ተበልቶ ውስጡ ሊታይ ደርሷል። ቀኙ ደህና ነው። ያን ቀን ውኃ አላሞቅሁም።

ሐሙስ ዕለት፣ ዛሬ ከኋላዬ ሁኚ አልኳት።

“መንገድ መምረጥ ይችላሉ?”

“ዓይኔ አልታመመም” አልኳት።

ከፊት መሮጥ ሌላ ነገር ነው። ዓመታት የረገጥኩትን መንገድ ያኔ አየሁት። ጠያቂዎች የምግብ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ማረሚያ ቤቱ በር ሲያዘግሙ፣ ሱቆቹ አንድ አንድ እያሉ ሲከፈቱ፣ ሾፌሮች ጎማቸውን በእግራቸው መታ መታ ሲያደርጉ አለፍኳቸው። የጭኔ ሕመም ለቆኛል። ትንፋሼ ወጥቶ ይገባል። ከጾሙ ወዲህ እንዲያ ቀሎኝ ሮጬ አላውቅም። አጥሩ ጋ ሳልመለስ አለፍኩት። ስግደቱ ነበር ማለት ነው ብዬ በልቤ ጨረስኩ፤ ልጅቷንም በከንቱ አስደነገጠችኝ ብዬ ልቆጣት አሰብኩ።

ስንቆም ላቤን እየጠረግሁ፣ ምን ሰማሽ አልኳት።

የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና አሰረችው።

“ዛሬም አለ” አለች።

“ትንሽ ነው ብዙ?”

“አለ፣ እማማ።”

አመሰገንኳት። ያን ያህል ሲቀለኝ እግሬ ይፍቅ ከነበረ፣ የእኔ ስሜት ከዚህ ወዲያ ምስክር ሊሆነኝ አይችልም። ያ ከመጥፎው ሩጫ ይልቅ ከበደኝ። መጥፎ ቀንን አውቀዋለሁ፤ ዘዴም አለኝ። ለዚህ ግን ጨውም ዝምታም አያገለግልም።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሴት ልጅ አለችኝ። መሮጤን ወዳው አታውቅም፤ መኪና ይገጭሻል፣ ትወድቂያለሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ ትለኛለች። ስለዚህ መጥፎ ቀኖቼን አንዱንም ነግሬያት አላውቅም። ያን ቀን የስፖርት ልብሴን ሳላወልቅ ደወልኩላት። ሥራ ለመግባት አውቶቡስ ተሳፍራ ነበር፤ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ።

“የአባትሽ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢልኝ” አልኳት።

“ለማን?”

“ለእኔ።”

የቱ እግር ነው ብላ ጠየቀችኝ።