ልጄን ከሆዳን ለማስመለስ ወደ አዲጋላ

ቅዳሜ ንጋት፣ ጅግጅጋ

ገና ሳይነጋ ኮስትሩ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ነፋሱ አቧራ ይዞ ይገርፋል። የአስረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የታሸገ ውሃ፣ አንድ ጆንያ ዳቦ፣ የታሪክ መምህርቷ ሆዳን፣ እኔ። የአዲጋላ ጉብኝታቸው አጃቢ ነኝ። ማንም አልጠራኝም፤ ራሴን ነው የጋበዝኩት።

ምክንያቱን አልደብቃችሁም፤ ቀንቼ ነው። እኔም የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ልጄ ረድኤት ቤት ውስጥ ስለ ታሪክ ካነሳሁባት ታዛጋለች። ዘንድሮ ሆዳን ልታስተምራት ጀመረችና «ቲቸር ሆዳን እንዲህ አለች» ምሳችንም እራታችንም ሆነ። ሆዳንን ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔው ነኝ! ረድኤት በቅርቡ ማኅበራዊ ወይም ተፈጥሮ ሳይንስ ትመርጣለች። ታሪክን የምትወድ ከሆነ በእኔ በኩል ትውደደው፤ ፍላጎቴ ይኸው ነው።

ረድኤት ሮጣ ከሆዳን አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ከሾፌሩ ኋላ።

ጠዋት፣ ባቢሌ

ሻጮቹ ለውዝ በላስቲክ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ዋጋው ከአምናው እጥፍ ሆኗል፤ ቢሆንም ሁሉም ገዛ። ሆዳን አንድ ፍሬ ከፍ አድርጋ፣ «ይህ ከየት መጣ?» አለች።

«ከባቢሌ!»

«ከባቢሌ በፊትስ?»

ከደቡብ አሜሪካ፣ በፖርቹጋሎች መርከብ ወደ አፍሪካ እንደተሻገረ ነገረቻቸው። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ ሳልፍ ገዝቼ ከመቆርጠም በቀር ምን አሰብኩ? ልቤ ድብን አለ።

ሾፌሩ አህመድ በመስታወቱ ያየኛል። «እናት፣ አሞዎታል?»

«ራሴን ነው።»

«ለውዝ ይብሉበት» አለኝ። መቼም ሆዳንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብዬ ተጽናናሁ፤ የምታቀርበው የእኔኑ ወጥ አሙቃ ነው።

ረፋድ፣ ከድሬዳዋ በኋላ

ሽንሌን አለፍን። አስፋልቱ አዲስ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጡ ተሳቢዎች በላይ በላዩ ይነጉዳሉ። ግራር፣ ጥቁር ድንጋይ፣ መንገድ የሚያቋርጡ ግመሎች፣ ሙቀት። ረድኤት ሻርፗን አውልቃ ለሆዳን ታራግብላታለች። እኔንም ሞቆኛል፤ ማን አይቶኝ።

ቀትር፣ አዲጋላ

አሮጌው ባቡር ጣቢያ ግድግዳው ተልጦ ቆሟል። ሆዳን ልጆቹን ጥላው ሥር ሰበሰበች። ፈረንሳዮች ጅቡቲን የፈለጉት በከፊል ወደ እስያ፣ ወደ ቬትናም የሚሄዱት መርከቦቻቸው ከሰልና ውሃ የሚሞሉበት ወደብ ስላስፈለጋቸው እንደሆነ ነገረቻቸው። ይህ ሐዲድ የተነሳው ከዚያው ወደብ ነው። ከዚያ የማስተማሪያ ዘዴዋን ጀመረች።

በሶማሌ ባህል መንገደኛ ሲደርስ «ወረን?» ይባላል፤ ወሬህን ንገረን ማለት ነው። ያየውን ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ አድማጭ አያቋርጠውም። ሆዳን እያንዳንዱን ተማሪ ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ አደረገችው። አንዱ ልጅ ከሕንድ መጣ። «ሸማኔ ነበርኩ» አለ፤ «አሁን እንግሊዞች ጥጣችንን ይወስዱና ጨርቁን መልሰው ለእኛው ይሸጡልናል። ሸማ መሥሪያዬን ለማገዶ ፈለጥኩት።» የሰፈሩ ሽማግሌ አዴር ሮብሌ ከድንጋይ አግዳሚው ላይ ሆነው ልጁን እንደ እውነተኛ እንግዳ ቆጥረው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል።

ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ይህ ወጥ የራሷ ነው። መጽናኛዬ እዚያው ተነነ።

የረድኤት ተራ ደረሰ። «ወረን?»

«ከደቡብ አሜሪካ ነኝ» አለች። «ከተራራችን ብር ይወጣል። አባቴን ስፔኖች ለማዕድኑ ወሰዱት። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ…»

«እሱኮ የቀድሞው ቅኝ አገዛዝ ነው!» አልኩ። «ምዕራፉ የአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ኢምፔሪያሊዝም ነው። ዘመኑን ለዪ!»

ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም። ረድኤት ወሬዋን ሳትጨርስ ተቀመጠች። አዴር ሮብሌ በሶማሊኛ፣ «እንግዳ ወሬውን ይጨርስ እንጂ» አሉ። የገበያ ሶማሊኛዬ ለዚህ አያንስም፤ ገባኝ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ከየት መጣሽ? ወረን?»

ተነሳሁ። «ከጅግጅጋ» አልኩ። ሁሉም ይጠብቃል። ምን ልበል? «የኢምፔሪያሊዝም መንስኤዎች አምስት ናቸው። አንደኛ፣ ጥሬ ዕቃ…» ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ልጆቹ ሳቁ። ሆዳን አልሳቀችም፤ «ቲቸር፣ ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል» ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ባትሰጠኝ ይሻል ነበር።

ወደ ማታ፣ መመለሻ

ረድኤት አጠገቤ ተቀመጠች። ተቆጥታለች።

«ዘመኑን ስለሳትሽ እኮ ነው» አልኳት።

«አይደለም፣ እማዬ።»

«እሷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንቺንም…»

«እማዬ፣ እኔኮ ግዛት አይደለሁም።»

ሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን መንስኤ ልጄ በአንዲት ቃል ፊቴ ላይ አስቀመጠችው። በሌላ እጅ ያየሁትን የእኔ ነው ብዬ ድንበር ተሻግሬ የመጣሁት እኔ ነኝ።

«በይ፣ የጉድጓዱን ወሬ ጨርሺልኝ» አልኳት።

ቀስ ብላ ጀመረች። አባትየው ከማዕድኑ አልተመለሰም፤ ልጅቷም ብሩን ከጫኑት መርከቦች ጋር ወደ ባሕሩ ሄደች። የካራማራን ዳገት ስንያያዘው ከአሜሪካ ወጥታ ወደ ራሷ ወሬ መጣች። ማኅበራዊ ሳይንስ ልትመርጥ ነው። የታሪክ አስተማሪ መሆን ትፈልጋለች።

«እንደ ቲቸር ሆዳን» አለች።

ምላሴን ነከስኩ። አላቋረጥኳትም።